ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል

አምፕሊፋየሬ መሳቢያ ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል ማለቴ አይደለም፤ መሳቢያው ራሱ ነው አምፕሊፋየሩ። እግሩ ከተሰበረ የጽሕፈት ጠረጴዛ የተረፈ፣ መያዣው እንኳ ያልተነቀለ የእንጨት መሳቢያ በጎኑ ቆሞ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ስፒከር፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚተልቅ ሰርኪትና አንድ ባለ9 ቮልት ባትሪ ይዟል። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ መያዣውን ይዞ ሊስበው ይሞክራል።

ሙያዬ የሂሳብ መዝገብ ነው። ለ22 ዓመታት የሌላ ሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ እስካለፈው ዓመት ድረስ መበየጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደኔ ላለ ጀማሪ ነው። የሰርኪት ንድፍ አንብቦ ለሚረዳ ሰው እዚህ አዲስ ነገር የለም፤ ለመሳቅ ካልሆነ በቀር።

ነገሩ የተጀመረው ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቼ አምፕሊፋየር ሳልገዛ በመቅረቴ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ ሲመታ ድምፁ ከማበጠሪያ ጥርስ ብዙም አይሻልም። ሁለት ወር ያህል አገጬን ጊታሩ ትከሻ ላይ አስደግፌ በመንጋጋ አጥንቴ እሰማው ነበር። ይሠራል፤ እንጨቱ ሲርገበገብ አጥንት ለጆሮ ያቀብላል። አንገት ግን አይችለውም።

የእህቴ ልጅ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይጠግናል። አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር ልሠራ እንዳሰብኩ ስነግረው ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ ኃይሉን ከየት እንደማመጣ ነበር። «ጋሼ፣ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ብቻ እንዳይነካኩ» አለኝ። «ባለቱቦ የሚባለውን የድሮ አምፕሊፋየርማ ጨርሶ አይክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።» በእነዚያ ውስጥ የሚዘዋወረው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ከሠራሁ ግን ጣቴን ከማቃጠል ያለፈ ነገር እንደማይደርስብኝ አረጋገጠልኝ። ጣቴን 4 ጊዜ አቃጥያለሁ፤ አራቱም የመበየጃው ሥራ ናቸው።

ጊታሩ ምን ያህል እንደሚያወጣ ሳላውቅ ማጉያ መሥራት ገቢን ሳያውቁ በጀት እንደ መያዝ ስለሆነብኝ ከፒክአፑ ጀመርኩ። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ከብረት የተሠራው ክር ከላዩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ኤሌክትሪኩም አብሮት ይመላለሳል። መጠኑ በእኔ ጊታር ጠንከር ብዬ ስመታው 100 ሚሊቮልት ግድም ነው፤ የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ይህቺን ይዞ ስፒከር ማንቀሳቀስ አይቻልም።

የሚያጎላው ኤል ኤም 386 የሚባል አይሲ ነው፤ አይሲ ማለት ሙሉ ሰርኪት በአንዲት ትንሽ ቅርፊት ውስጥ የታሸገበት ዕቃ ነው። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ 8 እግር ያለው ጥቁር ነገር። ለጀማሪ የተፈጠረ ይመስላል። ከ4 እስከ 12 ቮልት ባለው ኃይል ይሠራል፤ ድምፅ በማያወጣበት ጊዜ 4 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ይወስዳል። ምንም ሳይጨመርበት የገባለትን 20 እጥፍ ያጎላል። 1ኛውና 8ኛው እግሩ መካከል አንድ ባለ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲገባ ደግሞ 200 እጥፍ። አንዲት ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትተልቅ ዕቃ በመጨመር አሥር እጥፍ ትርፍ! በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብልኝ ኦዲተር ነው የምጠራው።

የጎደለው ነገር መግቢያው ላይ ነው። አይሲው በመግቢያው በኩል ያለው የመቋቋም መጠን 50 ኪሎ ኦም ያህል ሲሆን የጊታር ፒክአፕ ግን የሚመቸው ወደ 1 ሜጋ ኦም የሚጠጋ ነው። በቀጥታ ቢገናኙ አይሲው ከፒክአፑ አቅሙ የማይፈቅደውን ይጠይቀዋል፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋና ጊታሩ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ስለዚህ ከፊቱ ኤም ፒ ኤፍ 102 የሚባል ትራንዚስተር ገባ። ይህ ትራንዚስተር እዚህ ቦታ ላይ አያጎላም፤ ከደካማው ተቀብሎ ለጠንካራው ማስረከብ ብቻ ነው ሥራው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ እርሱ ፈቃድ ሲወጣ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

ሬዚስተሮች፣ ኤሌክትሪክን የሚቋቋሙት ትንንሽ ዕቃዎች፣ የመቋቋም መጠናቸውን የሚናገሩት በቀለም ቀለበት ነው። የእኔ ሰርኪት ደግሞ በፈተና አውጪ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ማለት 10 ኦም ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ 10 ሺህ ኦም። ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ 1 ሚሊዮን ኦም። በማታ መብራትና በእኔ መነጽር ቡናማና ብርቱካናማን መለየት ለዕድል የተተወ ነገር ነው። እያንዳንዷን በመልቲሜትር ለክቼ ወረቀት ላይ እየለጠፍኩ ዋጋዋን ጻፍኩባት። የእህቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ «ደረሰኝ አስመሰሏቸው» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። አንዲትም ሬዚስተር አላሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ስለ ብየዳ በጽሑፍ ያገኘሁት ምክር ሁሉ ልክ ነበር፤ እጄ ግን አላነበበውም። የብየዳ ቆርቆሮውን መበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጦ ወደ ቦታው መውሰድ በጣም የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ሁሉም ጀማሪ ራሱ የፈለሰፈው ይመስለዋል። ውጤቱ እንደ ዕንቁ ክብ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምንም ነገር ያልያዘ ጠብታ ነው። ማሞቅ ያለብን ቆርቆሮውን ሳይሆን የሚገናኙትን ሁለት ብረቶች ነው። መበየጃው የዕቃውን እግርና የመዳቡን መስመር አንድ ላይ ነክቶ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ከሌላው ጎን ሲቀርብ በራሱ ፈቃድ ይፈስና እግሩን ከብቦ እንደ ድንኳን ይወጠራል። ድንኳን ከሆነ ይዟል፤ ኳስ ከሆነ አልያዘም። ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ሽቦ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ መበየጃው ግን እስከ 350 ድረስ መሞቅ አለበት፤ አለበለዚያ ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ከጥቅም ውጪ ከሆነ የሬዲዮ ሰርኪት ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ የሠራኋቸው ኳስ፣ መጨረሻ ላይ የሠራኋቸው ድንኳን ናቸው። መስኮት ከፍቶ መሥራት፣ ከሥራው በኋላም እጅ መታጠብ ያስፈልጋል፤ እርሳስ ቀልድ አያውቅም።

የሰርኪቱ ሰሌዳ ቀዳዳ የሞላበት፣ ከሥሩ የመዳብ መስመሮች የተዘረጉበት ዓይነት ነው። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ነው፤ የአይሲው እግሮችም በዚያው ልክ ስለተሠሩ ቁጭ ይላሉ። ከአይሲው ሆድ ሥር የሚያልፉትን አራት መስመሮች በመሰርሰሪያ ጫፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፊት ለፊት ያሉት እግሮች ይገናኛሉ። ይህን አልረሳሁም። ሦስት ምሽት ፈጀሁ። በአራተኛው ምሽት ባትሪውን ገጠምኩ፣ ጊታሩን ሰካሁ፣ ክሩን መታሁ።

ዝም አለ። ማጉረምረም እንኳ የለም። የተበላሸ አምፕሊፋየር ቢያንስ ይጮኻል ብዬ ነበር የማስበው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር የሚነጻጸርበት የሙከራ ሚዛን አልመጣጠን ሲል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ይደምራል። ሌላው ልዩነቱን አስቀምጦ ያየዋል። የእኔ የመጀመሪያ ምሽት የአንደኛው ሰው ምሽት ነበር። ብየዳዎቹን ሁሉ እንደገና አሞቅኩ። ባትሪውን ለካሁ፤ 9.3 ቮልት። ስፒከሩን ባለ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነካሁት፤ «ጠቅ» አለ፤ ደህና ነው። በሁለተኛው ቀን የእህቴ ልጅ በስልክ «ድምፅ አይፈልጉ፣ ቮልት ይፈልጉ» አለኝ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጌ በቀዩ የአይሲውን እግሮች ከላይ በኩል አንድ በአንድ እንድነካ ነገረኝ። 6ኛው እግር ላይ የባትሪው ሙሉ ቮልቴጅ መኖር አለበት። 5ኛው መውጫ ነው፤ አይሲው ራሱ ግማሹ ላይ ያቆመዋል፤ ስለዚህ 4.6 አካባቢ። 3ኛው መግቢያ ነው፤ ወደ ዜሮ የቀረበ።

ወረቀት አወጣሁና ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ ሊሆን የሚገባውና የሆነው። 6ኛው እግር፦ 9.3 መሆን ሲገባው ዜሮ። 5ኛው፦ 4.6 መሆን ሲገባው ዜሮ። 3ኛው፦ ዜሮ መሆን ሲገባው 9.3።

ገንዘቡ አልጠፋም፤ የተሳሳተ ሂሳብ ውስጥ ነው የገባው። 6ኛው ጋ መሄድ የነበረበት 3ኛው ጋ ሄዷል። ሌሎቹን ተከታትዬ ሳይ 5ኛው የ4ኛውን ግራውንድ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያያዘውን የጋራ መስመር) ወስዷል፣ 1ኛውና 8ኛው ቦታ ተቀያይረዋል፣ 2ኛውና 7ኛውም እንዲሁ። ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። 1 እና 8። 2 እና 7። 3 እና 6። 4 እና 5። ደምሯቸው።

ሂሳብ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች። ሚዛኑ የጎደለበት መጠን ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት አሃዞች ተገለባብጠው ተጽፈዋል ብሎ መጠርጠር ነው፤ 54 የነበረው 45 ሆኗል ማለት ነው። ሰርኪቱ ላይ ያገኘኋት 9 ከዚያችኛዋ ጋር ዝምድና የላትም፤ የመጣችው እግሮቹ በአንዱ ጎን ወርደው በሌላው ጎን እየወጡ ስለሚቆጠሩ ነው። ቢሆንም በዚያ ምሽት ጠረጴዛው ላይ 9ን ሳያት የድሮ ባልደረባዬን በማላውቀው ከተማ ያገኘሁት ያህል ነበር። የተገለበጠ ነገር አለ።

የተገለበጥኩት እኔ ነኝ። እግር የሚቆጠረው አይሲውን ከላይ እያዩ ነው፤ ብየዳው የሚሠራው ግን ሰሌዳውን ገልብጦ ከሥር በኩል ነው። እኔ ሰሌዳውን ገለበጥኩ፤ አቆጣጠሬን አልገለበጥኩም። ግራው ቀኝ ሆኖ ሳለ ከግራ መቁጠር ቀጠልኩ። ከዴቢት ወገን የሚጻፈውን ሁሉ በክሬዲት በኩል በጥንቃቄ፣ በሚያምር ጽሑፍ፣ አንድም ሳላስቀር አስፍሬአለሁ።

ስምንቱን እግር ለማላቀቅ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አንዱ ሲቀልጥ ሌላው ይረጋል። አይሲው እግሩ ተጣሞ ወጣ፤ ለጥርጣሬ ቦታ እንዳይኖር ጣልኩትና በቦታው ባለ8 እግር ሶኬት በየድኩ፤ አዲሱን አይሲ ያለ ብየዳ ሰካሁበት። ሶኬት መጀመሪያውኑ መኖር ነበረበት። ጀማሪ ሆኖ አይሲን በቀጥታ የሚበይድ ሰው መዝገቡን በማይለቅ ቀለም እንደሚጽፍ ተማሪ ነው። ሽቦዎቹንም ሁሉ አዘዋወርኩ። ሲያልቅ በድል አድራጊነት ደወልኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ አይሲውን ነቅለው በሥር በኩል፣ በመዳቡ ገጽ ላይ ቢተክሉት ኖሮ እኮ ሁሉም እግር ቦታውን ያገኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። የተገለበጠን ነገር እንደገና መገልበጥ። ይህን ከመጨረሴ በፊት ያልነገረኝ ስላልጠየቅኩት ነው፤ ቢሆንም ለሦስት ቀን አልደወልኩለትም።

አዲሱን አይሲ ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን ከስፒከሩ የወጣው የመጀመሪያ ድምፅ የጊታር አልነበረም። የሰው ድምፅ ነው። አንድ ዜና አንባቢ፣ ከሩቅ፣ በተረጋጋ አነጋገር። ጊታሩን ነቀልኩ፤ ማንበቡን ቀጠለ። ምክንያቱ የጊታሩ ገመድ ከሚሰካበት ከመግቢያው ጃክ እስከ ሰሌዳው የዘረጋሁት ራቁቱን የሆነ ረጅም ሽቦ ነበር፤ አንቴና ሆኗል። የትራንዚስተሩ መግቢያ ደግሞ የሬዲዮውን ሞገድ ተቀብሎ ድምፁን ነጥሎ ያወጣዋል፤ ባትሪ የሌለው የጥንቱ ክሪስታል ሬዲዮ በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው። ሳላውቀው ሬዲዮ ሠርቻለሁ። ሽቦውን አሳጥሬ በሽቦ መረብ በተሸፈነ ገመድ ቀየርኩት፤ መረቡን ከግራውንድ አገናኘሁ፤ መግቢያው ላይም አንዲት ባለ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ አወረድኩ። ዜና አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። ትንሽ ቅር አለኝ።

ከዚያ ጊታሩ ተሰማ። ስለዚያ ምሽት ብዙ አልጽፍም።

ስፒከሩ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ባለ8 ኦም ነው። በመልቲሜትር ስለካው 6.9 ይላል፤ 8 ተብሎ የተጻፈበት ነገር 6.9 ሲሆን ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ነገሩ ጉድለት አይደለም። መልቲሜትሩ የሚለካው የሽቦውን የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሲሆን ስፒከሩ ላይ የሚጻፈው ግን ለሚመላለሰው የድምፅ ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ነው፤ ያ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። የስፒከሩ ወረቀት ደግሞ የጣት ስፋት ያህል ተቀዶ ነበር። ስስ ወረቀትና ውኃ የነካው ነጭ ሙጫ ለጠፍኩበት። ኋላ እንዳነበብኩት በ1964 እ.ኤ.አ. ኪንክስ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ሆን ብሎ በምላጭ ተርትሮ ሻካራ ድምፅ አውጥቶበታል። እኔ በነጻ ያገኘሁትን ቅዳጅ ነው የጠገንኩት።

ስፒከሩ ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ተቀምጦ ሲጫወት ድምፁ የቆርቆሮ ነበር። ጥፋቱን ከሰርኪቱ ስፈልግ አንድ ሳምንት አጠፋሁ። ሰርኪቱ ምንም አልነበረውም። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከጀርባው ይስባል፤ ሁለቱ ማዕበሎች ተቃራኒ ናቸው፤ የሚያግዳቸው ነገር ከሌለ በዳር ዞረው ይገናኙና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ከፊቱ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ስይዝበት ብቻ ጊታሩ ደረት አወጣ። መሳቢያው የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ወለሉን በስፒከሩ ልክ ቀድጄ ከውስጥ በብሎን አሰርኩት። የቁልፉ ቀዳዳ ከፊት ለፊት ባዶውን ስለነበር የድምፅ መቆጣጠሪያው ዘንግ በእርሱ በኩል ወጣ፤ ትንሽ ስለሰፋው በብረት ቀለበት አጠበብኩት። ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የምኮራው በዚህ ነው፤ ምንም ኤሌክትሪክ የሌለበት ቢሆንም።

ኃይሉ ግማሽ ዋት ያህል ነው። ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ በሩ ከተዘጋ ይተርፋል። በ20 እጥፍ ሲሠራ ድምፁ ንጹሕ ነው። 200 ላይ ሳደርገው ግን ሂሳቡ አይወጣም፦ 100 ሚሊቮልት በ200 ሲባዛ 20 ቮልት ነው፤ አይሲው ከ9 ቮልት ባትሪ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ4.5 በላይ መሄድ አይችልም። የሌለውን መክፈል ስለማይችል የማዕበሉን አናትና እግር ይቆርጠዋል። ጆሯችን ያንን መቆረጥ የሚሰማው እንደ መሻከር ነው፤ የሮክ ጊታር የሚባለው ድምፅ በአብዛኛው ይኸው ነው። በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለውን ሰው ኪሳራ ላይ ነው እንላለን። ማታ ማታ እኔ ሆን ብዬ አከስረዋለሁ።

ማብሪያውን አሁን አንስቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ባሳየኝ ዘዴ የመግቢያው ጃክ ባለ ሦስት መገናኛ ሆነ፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ከመካከለኛው ጋር ተያይዟል፤ የጊታር ገመድ ሲሰካ ከግራውንድ ጋር ይገናኝና አምፕሊፋየሩ ይበራል፤ ሲነቀል ይጠፋል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ መንቀሉን ለሚያስታውስ ሰው። ባለፈው እሑድ ገመዱን ሳልነቅል ተኝቼ ጠዋት ባትሪውን ስለካው 8.1 የነበረው 7.4 ሆኗል። ከዚያ ወዲህ መሳቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች፤ ቀንና ቮልት ብቻ ይጻፍባታል። ቮልቱ በወረደ ቁጥር የሚቆረጠው ማዕበል ይበዛል፤ ድምፁ እየሻከረና እየከሰመ ይሄዳል፤ ጠንከር ብዬ ስመታም የሚያለከልክ ይመስላል። አዲስ ባትሪ ከገዛሁ ሰንብቻለሁ፤ ከነማሸጊያው እዚያው አለ። አይሲው እስከ 4 ቮልት ይሠራል ይላል የአምራቹ ወረቀት። ትናንት ማታ 6.2 ነበር።